ከራስ በላይ ነፋስ፦ ጣሪያዋ የሚከፈት ስፖርት መኪና የኋላ ወንበር ከ16 ወራት የቤተሰብ አገልግሎት በኋላ

ይህችን መኪና ለመግዛት ስነሣ ለባለቤቴ ያቀረብኩት መከራከሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ አራት መቀመጫ አላት የሚል። ሁለት በር፣ በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ የጨርቅ ጣሪያ፣ ከኋላ ደግሞ ኩባያ ማስቀመጫ የሚለያያቸው ሁለት ጎድጎድ ያሉ ወንበሮች። በዚያን ጊዜ ሴት ልጄ ሰባት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር፤ ወንድ ልጄ ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበር። 16 ወራትና 21,000 ኪሎ ሜትር ካለፉ በኋላ «አራት መቀመጫ» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነትነት እንዳለው ለመናገር የሚበቃ ልምድ አግኝቻለሁ። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው፣ የምለው ነገር በአብዛኛው በዚህ ዓይነት መኪኖች ሁሉ ላይ የሚታይ እንጂ የአንድ ሞዴል ጉድለት ስላልሆነ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። በቤታችን አራት በር ያላት ሌላ መኪና አለች፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ወራት የኋላው ወንበር የተፈተነው በዕረፍት ቀን ሽርሽርና ሴት ልጄን ከትምህርት ቤት በማምጣት ብቻ ነበር። እንዲህ ላለው አጠቃቀም የማይመች ወንበር የለም። እውነተኛው ፈተና የመጣው ሌላዋ መኪና ለጥገና ገብታ ስድስት ሳምንት በቆየችበት ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ገበያ መሄዱም፣ ሐኪም ቤት መሄዱም፣ በዝናብ ማሽከርከሩም፣ የተኛ ሕፃን ይዞ መመለሱም በዚህችው መኪና ሆነ። ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን የተማርኩት ያኔ ነው።

የኋላው ወንበር ለምን ጠባብ እንደሆነ ለመረዳት ጣሪያው ሲታጠፍ ቆሞ መመልከት ይበቃል። ጨርቁና የብረት አጥንቶቹ ከወንበሩ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ይገባሉ፤ ጣሪያውን የሚያንቀሳቅሱት ክንዶች ደግሞ በግራና በቀኝ ከጎማዎቹ በላይ ያለውን ቦታ ይይዛሉ። በዚህ ምክንያት ወርዱ ቀንሶ ለሦስተኛ ሰው የሚሆን መካከለኛ ቦታ አይተርፍም፤ መደገፊያውም ወደ ኋላ ዘንበል የሚልበት ስፍራ ስለሚያጣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨነቁት ለእግር ማስቀመጫው ነው፤ እኔ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ በሆነ ጉዞ ቅሬታ የሚያስነሣው የጉልበት ቦታ ሳይሆን የመደገፊያው ቀጥ ማለት መሆኑን አስተውያለሁ። እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ክንፍ ያለው፣ መደገፊያውም በራሱ ጥቂት የሚያዘነብል የልጅ መቀመጫ መጠቀም ብቻ ነው።

በር ሁለት ብቻ መሆኑ ዋናው ችግር ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጣሪያው ተከፍቶ ሳለ ግን ፍርሃቴ ከንቱ ሆነ፤ ሕፃኑን ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ ከላይ ወደ መቀመጫው አወርደዋለሁ፣ ቀበቶውንም በሁለት እጄ አስረዋለሁ። በየትኛውም አራት በር ባላት መኪና ይህን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። ጣሪያው ሲዘጋ ነገሩ ይገለበጣል። የፊት ወንበሩን አጥፎ በኤሌክትሪክ እየተንፏቀቀ ወደ ፊት እስኪሄድ መጠበቅ፣ አንድ እግር አስገብቶ ማጎንበስ፣ ከዚያም ሕፃኑን ይዞ በዚያች ጠባብ ክፍተት ወገብን መጠምዘዝ ግድ ይላል፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ሲደረግ ጀርባ ውጭ ይቀራል። በሮቹም ረጃጅም ስለሆኑ ከጎን ሌላ መኪና በቀረበበት ማቆሚያ በግማሽ እንኳ አይከፈቱም። አንድ ቀን ሕፃኑን ባለቤቴ እንደታቀፈችው መኪናዋን ከማቆሚያው አውጥቼ መተላለፊያው መሀል አቁሜያለሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት አሽከርካሪዎች በጥሩምባ የነገሩኝን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑን ለማስገባት ብቻ ጣሪያውን ከፍቼ መልሼ መዝጋት ለመድኩ፤ አሁን ሳስበው በዚህ ምክንያት የከፈትኩበት ጊዜ ለመዝናናት ከከፈትኩበት ይበልጣል።

ከሁሉ የከበደው የወንድ ልጄ ጉዳይ ነው። ሁለቱም የኋላ ወንበሮች አይሶፊክስ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፍ መስፈርት የወጣላቸው የብረት ማያያዣዎች አሏቸው፤ ስለዚህ የሕፃኑን መቀመጫ ማሰር በራሱ አስቸጋሪ አይደለም። አይ-ሳይዝ በሚል ስም የሚታወቁት መቀመጫዎች የሚመሩበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ሕፃኑ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱም ገና ያልጠና ስለሆነ፣ መኪናው ከፊት ሲጋጭ መቀመጫው ጀርባውን፣ አንገቱንና ጭንቅላቱን በአንድነት ይደግፍለታል። ይሁን እንጂ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ መቀመጫ ከፊቱ ያለውን ወንበር ወደ ፊት ይገፋል። በእኛ መኪና ይህ የተገፋ ወንበር የባለቤቴ ሆነ፤ በጉልበቷና በዳሽቦርዱ መካከል የሚቀረው ክፍተት አራት ጣት ነበር። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለኤርባጉ እንዲህ ተጠግቶ መቀመጥ በራሱ አደጋ አለው።

ሌላ አማራጭም ሞክረናል። ሕፃኑን በፊት ወንበር አድርገን ባለቤቴ ከሴት ልጃችን አጠገብ ከኋላ ተቀመጠች። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ሕፃን በፊት ወንበር የሚቀመጠው የዚያ ወንበር ኤርባግ በቁልፍ ከተዘጋ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው በቀጥታ የመቀመጫውን ጀርባ፣ በዚያም በኩል የሕፃኑን ጭንቅላት ነው። ማጥፋቱን በየጉዞው ሦስት ጊዜ አረጋግጥ ነበር፤ ሕፃኑ ከወረደ በኋላም መልሶ ማብራቱን ማስታወስ ነበረብኝ። ከሁለት ጉዞ በኋላ ተውነው።

እዚህ ላይ ስለዚህች መኪና ካሉኝ ትዝብቶች ትልቁን ልናገር። የኋላው ወንበር ወላጅን ልጁን ያለጊዜው ወደ ፊት እንዲያዞር ይገፋፋዋል። ወንድ ልጄ 15 ወር የሞላው ዕለት በአእምሮዬ የተመላለሰው ሐሳብ የአንገቱ ጥንካሬ ሳይሆን ባለቤቴ ወንበሯን ወደ ኋላ ማስጠጋት መቻሏ ነበር። ደንቡ ዝቅተኛውን ገደብ ያስቀምጣል እንጂ በዚያ ቀን አዙሩ አይልም፤ መቀመጫው እስከ 105 ሴንቲሜትር ቁመት ወደ ኋላ የሚያገለግል ሆኖ ሳለ መኪናው ስለጠበበ ብቻ ልጅን ማዞር ልክ አይደለም። አላዞርነውም። ሌላዋ መኪና ከተመለሰች በኋላ ሕፃኑ ያለበት ረጅም ጉዞ ሁሉ በእሷ ይሆናል።

ለሴት ልጄ ግን ወንበሩ የተሰፋላት ልብስ ያህል ነው። ስንገዛ ቁመቷ 124 ሴንቲሜትር ነበር፤ አሁን 134 ደርሷል። መደገፊያ ባለው ከፍ ማድረጊያ፣ ማለትም ቀበቶው እንዲስተካከልላት ከፍ በሚያደርጋት የልጅ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ከእኔ ወንበር ጀርባ ትጓዛለች፤ እግሮቿም ለአጭር መንገድ አይጨናነቁም። ያስቸገራት ቀበቶው ነበር። ለሌላዋ መኪና የገዛነው ከፍ ማድረጊያ ሰፊ ስለነበር የቀበቶውን መቆለፊያ ከሥሩ ይውጠው ነበር፤ ልጅቷም ራሷ መቆለፍ ስላልቻለች በየዕለቱ እኔ ከፊት ወንበር ተጠማዝዤ በዳበሳ እፈልግ ነበር። በአራት ጣት የጠበበ ከፍ ማድረጊያ ስንገዛ ችግሩ በአንድ ቀን ጠፋ። ይህን የምጽፈው ወንበሩን በዓይን ለክተው ለሚገዙ ሰዎች ነው፤ የልጅዎን መቀመጫ ይዘው ሄደው ሳያስሩ፣ የፊቱንም ወንበር ወደ ትክክለኛ ቦታው መልሰው ሳይቀመጡበት መኪናውን አይግዙ።

አሁን ወደ ነፋሱ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት ባለቤቴ ይህችን መኪና ባየች ቁጥር ትደግመዋለች፤ በሁለቱም ትርጉሙ እንደምትናገር አይጠፋኝም። ከፊት የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ነፋስና ከኋላ የተቀመጠው የሚደርስበት አንድ አይደለም። አየሩ የፊት መስታወቱን ክፈፍ ተሻግሮ ካለፈ በኋላ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ወርዶ ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ በአዙሪቱ መካከል ነው ያለው። በሰዓት እስከ 50 ኪሎ ሜትር ደስታ ነው። 70 ላይ ልጄ «አባዬ፣ ጸጉሬ ዓይኔ ውስጥ ገባ» ትላለች። 90 ላይ የምትለውን አልሰማም። ከመኪናዋ ጋር የመጣው የነፋስ መከላከያ መረብ ደግሞ የሚዘረጋው በኋላ ወንበሮቹ ላይ ነው፤ ማለትም የሚሠራው ከኋላ ማንም ከሌለ ብቻ ነው። ይህን ችግር አስበው መፍትሔ የሞከሩ አምራቾች አሉ፤ መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የኢ-ክላስ ኮንቨርቲብል ከፊት መስታወቱ ክፈፍ ላይ ብድግ የሚል አየር መቁረጫና ከኋላ መቀመጫዎች ጀርባ የሚቆም መረብ አቀናጅቶ አቅርቧል። የእኔዋ ይህ የላትም፤ ስለዚህ ሕጋችን ከ70 በላይ ጣሪያው ይዘጋል፣ ከዚያም በታች ቢሆን የጎን መስታወቶቹ አይወርዱም የሚል ነው።

ፀሐይዋም ከነፋሱ ጋር ተባብራ ታታልላለች። ነፋሱ ቆዳን ስለሚያቀዘቅዝ ልጁ መቃጠሉን አያውቀውም፤ የምናውቀው ማታ ነው። አገጭ ሥር የሚታሰር ባርኔጣ የግድ ነው፤ ሁለት ያልታሰሩ ባርኔጣዎች በመንገድ ላይ ቀርተውብናል። መቀመጫው ጥቁር ቆዳ ከሆነም ተከፍታ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና የሕፃን ጭን ልታቃጥል ስለምትችል ፎጣ ማልበስ ያስፈልጋል። ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነው። የጨርቁ ጣሪያ ተዘግቶም ቢሆን ከብረት ጣሪያ ይልቅ ድምፅ ያስገባል፤ ወንድ ልጄ ግን በዚያ ወጥ በሆነ ሁምታ ከሌላዋ መኪና ይልቅ ፈጥኖ ይተኛል።

ዕቃን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ጣሪያው ሲከፈት የሚያርፈው ሻንጣ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሚታጠፍ ብረት ወደ ጨርቅ ጣሪያ የተመለሰው የቢኤምደብሊው 4 ሲሪስ ኮንቨርቲብል፣ ጣሪያው ሲዘጋ 385፣ ሲከፈት 300 ሊትር የዕቃ ቦታ አለው። የእኔዋ ከዚህም ታንሳለች። በመጀመሪያው ረጅም ጉዟችን የሕፃኑን ጋሪ ለማስገባት በዕቃ ቦታው ውስጥ የጣሪያውን ማረፊያ የሚለየውን መከፋፈያ ወደ ላይ አነሣሁት፤ መንገድ ላይ ልጆቹ ጣሪያው ይከፈት ቢሉም መከፋፈያው ካልወረደ መኪናዋ እሺ አትልም። መኪናዋ የተገዛችለትን ቀን ጣሪያዋ ተዘግቶ አሳለፍነው። አሁን ያለን ጋሪ በሦስት ቦታ ተጣጥፎ ከአንዲት የእጅ ሻንጣ የማይበልጥ ነው።

ስለ አደጋ መከላከያ አጠር አድርጌ ልናገር። መገልበጥ ሲደርስ በቅጽበት ብድግ የሚሉ የብረት ቅስቶች ከኋላ መቀመጫዎቹ ራስጌ ተደብቀዋል፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 በመርሴዲስ ኤስኤል ላይ ታይቶ ከዚያ ወደ ሌሎች የተስፋፋ ነው። በአንጻሩ በተራ መኪኖች ከጣሪያው ጠርዝ የሚዘረጋው መጋረጃ ኤርባግ ጣሪያው በሚታጠፍ መኪና ላይ የሚቀመጥበት ስፍራ የለውም፤ የፊት ተሳፋሪዎች በወንበራቸው ጎን ውስጥ ያለ ኤርባግ ሲኖራቸው በእኛ መኪና ከኋላ ያሉት ምንም የላቸውም። ይህን የተረዳሁት ከገዛሁ በኋላ የመመሪያውን መጽሐፍ ሳነብ ነው፤ አስቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ።

አዋቂ ከኋላ ይቀመጣል ወይ ለሚለው የእናቴ መልስ ይበቃል። ለአሥር ደቂቃ መንገድ ከኋላ ተቀምጣ፣ ስንደርስ የፊቱ ወንበር እስኪንሸራተት እየጠበቀች «መግባቱንስ ገባሁ፤ መውጣቱን እንጃ» አለችኝ።

ስለዚህ ይህ ወንበር ለቤተሰብ ይሆናል ወይ ሲሉኝ የምጠይቀው የልጆቹን ዕድሜ ነው። ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ ከሚቀመጥበት ጊዜ ጀምሮ ቁመቱ 150 ሴንቲሜትር ግድም እስኪደርስ ድረስ ላለ ልጅ ወንበሩ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የፊቱን ተሳፋሪ ይበድላል፣ ከዚያ በኋላ ልጁን። አንድ ልጅ ላለው ሰው ይህ ሰባትና ስምንት ዓመት ማለት ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ሁለት መቀመጫ ብቻ ይዞ ሲሸጥ ቢያንስ ለማንም ተስፋ አልሰጠም፤ የእኛዋ ተስፋ ሰጥታለች፣ በከፊልም ፈጽማዋለች።

ልጆቹ ሁለት ሲሆኑ ግን የሚቆጠረው የሁለቱ ጊዜ የሚገናኝበት ብቻ ነው፤ በእኔ ልጆች መካከል ደግሞ ሰባት ዓመት አለ። ወንድ ልጄ ወደ ፊት የሚዞርበትን ጊዜና ሴት ልጄ በዚህ ዕድገቷ 150 የምትደርስበትን በወረቀት ላይ አስልቼ ያገኘሁት ቢበዛ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳያት ወንበሯን ወደ ኋላ የምታስጠጋበትን ወር በእርሳስ አክብባ መለሰችልኝ።