ጅማ ውስጥ ሌንስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ እኚህን አባት አማክሩ

የጅማ ፎቶ አንሺዎች፣ በተለይ ዕቃ በቅርበት የምታነሱ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። መርካቶ ሰፈር ካሜራ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስሜን አደባባይ አታውጪ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ለቡና ነጋዴዎች የናሙና ፎቶ ማንሳት ነው። ጀንፈሉን፣ የታጠበውን፣ እሸቱን ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ጠጋ ብዬ አነሳለሁ። ከጎን ሳነሳው የፊቱ ፍሬ ጥርት ካለ የኋላው ይደበዝዛል። ገዢ ደግሞ ሁሉንም ማየት ይፈልጋል። መፍትሔው ቲልት ሺፍት የሚባለው ሌንስ ነው። ሌንሱ ዘንበል ሲል ጥርት የሚለው ቦታም አብሮ ሰፌዱ ላይ ይተኛል። የቸገረኝ የካነንን አሮጌ ሞዴል ልግዛ ወይስ አዲሱን የሚለው ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ያየሁትን ፍዳ አልረሳውም። አንዱ ሻጭ "አሮጌውንማ ዛሬ ማን ይነካዋል" ብሎ ለአዲሱ ቀብድ ተቀበለኝ። ከዚያ ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። ስልክ ማንሳትም ተወ። ቀብዴን ያገኘሁት ሽማግሌ ልኬ ነው፣ እሱንም ቆራርጦ። ሌላው ደግሞ አሮጌውን "ከካርቶን እንደወጣ ነው" እያለ ምሎ ገንዘብ አስይዞ ሰጠኝ። ሁለቱም ምን እንደማነሳ አልጠየቁኝም። ከክፍለ ሀገር ስለመጣሁ ይሁን ሴት ስለሆንኩ እንጃ፣ ጥያቄ ስጠይቅ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ንቀት ያንገበግባል።

ያንን ሌንስ ነው ጋሼ ዘንድ ይዤ የሄድኩት። በእጅ ባትሪ ከኋላ አበሩበት። ዘንበል ቀና አደረጉትና "ልጄ፣ ይሄ ሻጋታ ነው፣ መልሺለት" አሉኝ። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ነበር። ለዚህ አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

ቀጥለው "ምንድን ነው የምታነሺው?" አሉኝ። ከመሳቢያቸው የራሳቸውን አሮጌ የካነን 90 ሚሊ ሜትር ቲልት ሺፍት አወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ዓይነት። ከጎረቤት ሰፌድና ጥሬ ቡና አስመጡ። ካሜራዬን ትሪፖድ ላይ አስቀምጠው ሌንሱን በዝግታ አዘነበሉት። ስክሪኑን ሳይ ከዚህኛው ጠርዝ እስከዚያኛው ፍሬው አንድ በአንድ ይቆጠራል! እንባዬ መጣ። ስንት ወር የለፋሁበት ነገር ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሰፌዱ መሀል ሲኒ አቆሙና እንደገና አሳዩኝ። የሲኒው አፍ ደብዝዟል። "የተኛ ነገር ላይ ይሠራል፣ የቆመ ነገር ላይ አትመኚው" አሉኝ። የሌንሱን ጉድለት ሳይጠየቅ የሚነግር ሻጭ የት አለ?

ስለ አሮጌውና አዲሱ ብዙ አስረዱኝ፣ ሁሉም ገብቶኛል አልልም። የያዝኩት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አዲሱ 90 ማክሮ ነው፣ ማለት በጣም ተጠግቶ አጉልቶ ያነሳል። ፍሬውን በግማሽ መጠኑ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው) ላይ ያሳርፋል፣ አሮጌው አንድ ሦስተኛም አይሞላም። አዲሱ የማዘንበያውን አቅጣጫ በእጅ ብቻ ያዞራል። አሮጌው ላይ ትንንሽ ብሎኖች መፍታት ያስፈልጋል፣ ጋሼ በካቻቢቴ ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ክብደቱ ግን አሮጌው በጣም ይቀላል። ፎከስ ሁለቱም በእጅ ነው።

"አንድ ፍሬ ብቻ አጉልተሽ የምታነሺ ከሆነ አዲሱን ግዢ። ለሰፌድ አሮጌው ይበቃሻል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ" አሉኝ። የራሳቸውን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን "መጀመሪያ ሥሪበት" ብለው ከነኤክስቴንሽን ቲዩቡ (ካሜራውና ሌንሱ መሀል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው) አዋሱኝ። ቲዩቡ ሲገባ አሮጌውም ጠጋ ብሎ ያነሳል። አሁን ንጹሕ አሮጌ ሌንስ ራሳቸው መርምረውልኝ ገዝቼ እየሠራሁበት ነው። ነጋዴዎቹ ፎቶውን ወደውታል።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አታክርሙ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ። ይህም የእሳቸው ምክር ነው።

ጋሼ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወገኖቼ፣ ሂዱ፣ ጠይቋቸው፣ ያላችሁንም ሌንስ አስመርምሩ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋሉ፣ በሌላው ቀን እስከ ምሽት አይጠፉም። ሱቃቸው ለጠፋው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እኔው ይዤው እሄዳለሁ።