የጀርባ የፍላጻ አፎት፦ ከጥቅምት እስከ ክረምት በደሴ ዳገቶች ላይ

ቀስተኛ ፍላጻዎቹን ይዞ ጀርባው ላይ ስለሚያዝለው የቆዳ መያዣ፣ ስለ ጀርባ አፎት የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከመልኩ ነው። መልኩ ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ከጥቅምት ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ በደሴ ዳገቶች ላይ ተሸክሜው ከወጣሁና ከወረድኩ በኋላ የምመሰክረው ሌላ ነው። የጀርባ አፎትን የሚያስመሰግነውም የሚያስወቅሰውም ቆዳው ነው። ቆዳው ፍላጻዎቹን ጭምቅ አድርጎ ከያዘ፣ ብዙ ለሚራመድ ሰው ከእሱ የተሻለ መያዣ አላየሁም። ደርቆ ቅርጹን ይዞ የሚቆም ከሆነ ግን በየእርምጃው የሚሰማው ድምፅ ብቻውን ሰውን ያሰለቻል።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። የምወረውረው ገራዶ አካባቢ በዘመድ መሬት ላይ፣ ጭድ በታጨቀበት ጆንያና በተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ነው። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ደቡብ ወሎ ደግሞ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚጠበቁበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ያለበት ምድር ስለሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ቀስት ይዞ ወደ ጫካ የሚገባ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። ይሁን እንጂ የጀርባ አፎት በአዳኞች እጅ ያደገ ዕቃ ነው፤ ሊመዘንም የሚገባው በአዳኝ መስፈርት ነው። ድምፅ ማሰማት የለበትም፤ ቁጥቋጦ ሊይዘው አይገባም፤ እጅ ሲዘረጋ ፍላጻው በቀላሉ መውጣት አለበት። ቀስቱንም የአፎቱንም ንድፍ የላከልኝ አሜሪካ የሚኖረውና በቀስት አጋዘን የሚያድነው የአጎቴ ልጅ ነው። በእንጨት ቀስት የሚያድን ሰው እንስሳው 20 ሜትርና ከዚያ በታች እስኪጠጋው ድረስ መጠበቅ ስላለበት፣ በዚያ ርቀት ሁለት ፍላጻዎች ቢጋጩ ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ደጋግሞ ነግሮኛል።

ፍላጻ የሚያዝባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቀስቱ ላይ የሚታሰር፣ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል፣ ጀርባ ላይ የሚታዘል። ቀስቱ ላይ የሚታሰረው ለአደን ምቹ መሆኑን አውቃለሁ፤ እጅ ብዙ ሳይንቀሳቀስ ፍላጻ ይገኛል፣ ስል ጫፎቹም በክዳን ይሸፈናሉ። ሆኖም ቀላል የእንጨት ቀስትን ያከብደዋል፣ ሚዛኑንም ይለውጠዋል። የወገቡ ሜዳ ላይ ቆሞ ለሚወረውር ሰው ከሁሉም ይሻላል። ቦሩ ሜዳን በመሰለ ቦታ ብለማመድ ኖሮ እሱን እመርጥ ነበር። ዳገት ላይ ግን ጉልበት በተነሳ ቁጥር ከፍላጻዎቹ ጋር ይጋጫል፤ ጦሳ ተራራን ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ጉልበት ምን ያህል ከፍ እንደሚል አይጠፋውም።

ጀርባ ላይ ማዘል የቆየ ልማድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 በሰሜን ካሊፎርኒያ ከተሸሸገበት ተራራ የወጣው፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆነው ከያሂ የመጨረሻው ሰው ኢሺ፣ አፎቱ ከነጠጉሩ ከተገፈፈ የኦተር (የወንዝ እንስሳ) ቆዳ የተሠራ ነበር። ሳክስተን ፖፕ የተባለው ሐኪም ከእሱ የቀስት አሠራርና አያያዝ ተምሮ በአሜሪካ የቀስት አደን እንደገና እንዲነሳ ካደረጉት አንዱ ሆነ። ዛሬ ብዙዎች የሚከተሉት ንድፍ ግን በዚያው አቆጣጠር ከ1899 እስከ 1975 በኖረው በቀስተኛው ሃዋርድ ሂል ስም የሚጠራው ነው፤ ለስላሳ ቆዳ፣ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠበብ ያለ፣ ባዶ ሲሆን የሚተኛ። የኔም የተሰፋው በዚሁ ንድፍ ነው።

የሰፉልኝ ደሴ ውስጥ ኮርቻና የጎራዴ አፎት ሲሰፉ የኖሩ አባት ናቸው። ንድፉን በወረቀት ይዤ ስሄድ አላነሱትም። «ልጄ፣ ፍላጻዎቹን አምጣቸው፤ ዕቃው ሳይታይ ቤቱ አይሰፋም» አሉኝ። «ሐጂ፣ ልኩ ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» ብላቸውም አልተቀበሉኝም። ፍላጻዎቹን ሳመጣላቸው ሁሉንም በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ ጭራው ላይ ባለው ላባ በኩል ያለውን ውፍረት በክር ለኩ፤ ከዚያም በጫፉ ብረት በኩል ለኩ። ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን አስተኝተው ካሳዩኝ በኋላ ነው የአፉና የታቹ ስፋት ለምን መለያየት እንዳለበት በዓይኔ ያየሁት። የላባው ክር ከብረቱ ክር እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ጠባብ አፍ ያለው አፎት ላባውን እየፈተገ ይጨርሰዋል፤ ሰፊ ታች ያለው ደግሞ ብረቶቹ እንዲንከራተቱና እንዲጋጩ ያደርጋል።

ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ፍላጻዎቼ 75 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ 20 ሴንቲ ሜትር ከአፉ በላይ ይቀራል፤ ላባው በሙሉ ውጭ ነው ማለት ነው። ይህ ልክ ለሚገዛም ለሚያሰፋም ሰው ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ነው። አፎቱ ከዚህ ቢረዝም ላባው ጠርዙ ላይ ይታሻል፤ ክንድም ፍላጻውን ስቦ ለማውጣት አይበቃም። ቢያጥር ደግሞ ጎንበስ ሲሉ ፍላጻው ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ስለ ቆዳው ምርጫ ከሐጂ ጋር ብዙ ተነጋግረናል። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስለሆነች ቆዳ ብርቅ አይደለም። ጥያቄው ክሮም በተባለ ኬሚካል የለፋ ይሁን ወይስ በዛፍ ልጣጭ የለፋ የሚለው ነው። በክሮም የለፋው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለስላሳ ነው፣ እርጥበትም ይችላል፤ ነገር ግን ቅርጽ ለመያዝ አይመችም። በልጣጭ የለፋው በመጀመሪያ ድርቅ ብሎ ይመጣል፤ ሲረጥብ ቅርጽ ይቀበላል፣ በአጠቃቀም እየለሰለሰ ይሄዳል። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የበሬ ቆዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ። ጀርባዬን ይቆረቁረኝ ነበር፣ አፉም እንደ ልቤ አይከፈትም ነበር። ከገና በኋላ ግን በቀኝ ትከሻዬ አጠገብ ያለው ጎኑ የጀርባዬን ቅርጽ ያዘ። አሁን ስለብሰው ቦታውን ራሱ ያገኛል፤ ማንገቻውንም ማስተካከል አያስፈልገኝም።

ማንገቻው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላመሰግነውም ነበር። አንዱ በቀኝ ትከሻ ላይ ያልፋል፣ ሌላው በግራ ብብት ሥር ይዞራል፣ ሦስተኛው ወገብን ይይዛል፤ ሦስቱም ደረት ፊት ለፊት በአንድ ዘለበት ይገናኛሉ። ገበያ ላይ የሚታዩት ርካሽ አፎቶች አንድ ማንገቻ ብቻ ነው ያላቸው፤ ሲሮጡ ወይም ገደል ቢጤ ሲወርዱ ወደ ጎን ይዞራሉ። አንድ ማንገቻ ያለውን አፎት ለማንም አልመክርም።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከውጭ የመጣ፣ ጠንካራና ክብ አፎት አለው። ስፌቱ እንከን የለውም። ሆኖም አብረን ስንሄድ የሱ ፍላጻዎች ሲንኳኩ ከፊት ሆኜ እሰማቸዋለሁ፤ በተለይ ጥቂት ፍላጻ ብቻ ሲቀር አፎቱ ውስጥ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። የኔ አፎት ፍላጻው ሲቀንስ አብሮ ይጠባል፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ፍላጻ ሲይዝ ደግሞ ጭራሽ ጸጥ ይላል። ታቹ ላይ ቁራሽ አጎዛ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ አንጥፌያለሁ። የድሮ ቀስተኞች ከዚህ ሌላ እፍኝ አጃ ይጨምሩበት ነበር፤ ብረቶቹ እህሉ ውስጥ ገብተው ሳይነካኩ ይቆማሉ፣ እርጥበቱንም አጃው ይመጠዋል። አጃ በወሎ ደጋ የማይጠፋ እህል ስለሆነ ሞከርኩት፤ የሚሉት እውነት ነው። በበጋ ከዚህ የሚሻል መፍትሔ የለም። በሐምሌ ግን የደሴ ጉም አጃውን አርሶ ስላሻገተው ደፍቼ አጎዛውን ብቻ አስቀረሁ። አጃ የሚጠቀም ሰው አፎቱን ቤት ውስጥ ከፍ አድርጎ ይስቀለው፤ አይጥ ቆዳውን ቀዳ ትገባለች።

ስል የአደን ብረት የሚይዝ ሰው ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስለት ከስለት ጋር ሲፋተግ ይደነዝዛል። ቆዳም እርጥበት ይዞ ብረት ያዝጋል፤ ስለዚህ ፍላጻዎቹን አፎቱ ውስጥ ማሳደር አይገባም። ወድቆ በጀርባው የተንጋለለ ሰው ስለቱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅምና ጠንካራ የታች ሽፋን የግድ ነው። እኔ የምጠቀመው ዱልዱም የልምምድ ብረት ቢሆንም ሐጂ ታቹን ሁለት ድርብ አድርገው ሰፍተውታል።

አወጣጡ ልምምድ ይጠይቃል። ቀኝ እጅ በትከሻ ላይ አልፎ የፍላጻውን ጭራ በጣት ይፈልጋል፣ ክርኑ ወደ ላይ ይነሳል፣ ፍላጻው ተስቦ በጭንቅላት ላይ ያልፋል። ቆዳው ስለሚተጣጠፍ ፍላጻው ወደ ፊት ዘምበል ብሎ ይወጣል፤ ጠንካራው አፎት ቀጥ ብሎ ካልተሳበ አይለቅም። ይህ እንቅስቃሴ ትልቅ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። የአጎቴ ልጅም ለዚህ ሲል እንስሳ ሳያይ በፊት አንድ ፍላጻ አውታሩ ላይ ደግኖ ይጠብቃል። መመለስ ከማውጣት ይከብዳል። እኔ ታቹን በግራ እጄ ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አፉን በቀኝ ብብቴ በኩል ወደ ፊት አመጣዋለሁ፤ ያን ጊዜ እያየሁ እከተዋለሁ። በዚሁ መንገድ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሥር ሳልፍ አፎቱን ወደ ብብቴ አስገባዋለሁ። በደሴ ዙሪያ ባለው ባሕር ዛፍ መካከል ይህ ብዙም አያስፈልግም። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐርቡ ሲወረድ ግን ግራሩ ላባውን በእሾሁ ይይዘዋል፤ እዚያ አፎቱን ጀርባ ላይ ትቶ መሄድ ላባ መጨረስ ነው።

የኮምቦልቻ ሙቀት ሌላም ነገር አሳይቶኛል። ከደሴ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ብርድ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወረዳል። በዚያ ሙቀት ላብ ቆዳው ውስጥ ይገባና ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ጥላ ውስጥ አድርቄ፣ ሰም ከጥቂት ዘይት ጋር አቅልጬ በስሱ እቀባዋለሁ። ቅቤ እንዳይቀባ፤ ይሸታል፣ ሻጋታም ይጠራል። ቅባት ሲበዛ ደግሞ ቆዳው ከመጠን በላይ ይለሰልስና አፉ ይከደናል።

ክረምቱ የዚህ አፎት ደካማ ጎን ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ላባው በሙሉ ከላይ ተጋልጦ ስለሚቆም የመጀመሪያው የዝናብ ነጠብጣብ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የረጠበ ላባ ይተኛል፣ ፍላጻውም አቅጣጫውን አይጠብቅም። ቤት ሲገባ በሚፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ቢያዞሩት ይነሳል፤ ሜዳ ላይ ግን መድኃኒት የለውም። እኔ ከላስቲክ የተሠራ የገመድ ማጥበቂያ ያለው ትንሽ ሽፋን አሰፍቼለታለሁ። ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሽፋኑ እያለ ፍላጻ ማውጣት አይቻልም፣ ንፋስ ሲመታውም ይንኮሻኮሻል። በነሐሴ ለሚለማመድ ሰው የጀርባ አፎትን በሙሉ ልብ አልመክርም።

አሁን ያለበት ሁኔታ ይህ ነው፦ ስፌቱ አልተፈታም፣ ታቹ አልተበሳም። የአፉ ጠርዝ ብቻ እጄ በሚነካው በኩል ሳስቷል። የትከሻው ማንገቻ ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ረጅም መንገድ ላይ ይቆርጣል። ዘለበቱም ደረት ላይ መሆኑ ቀስቱ ሲለቀቅ አልፎ አልፎ ከአውታሩ ጋር ያነካካዋል። ዋጋው ከአንድ ጥሩ የቆዳ ጫማ ብዙም አልራቀም። ወዳጄ ጠንካራውን አፎቱን ትቶ እንዲህ ያለ ሊያሰፋ ስለሆነ ለሐጂ የምንነግራቸው ሦስት ነገር ነው፤ የትከሻው ማንገቻ አምስት ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የአፉ ጠርዝ በሌላ ቆዳ ይደረብ፣ ዘለበቱ ከደረት ወርዶ ወደ ቀኝ ጎን ይዙር። ፍላጻዎቹን ይዞ እንዲሄድም ነግሬዋለሁ።