ወንድሜን በሰላም ለቀሰቀሰችው አንስቴቲስት (ሰመመን ሰጪ ባለሙያ) ምስጋና፣ የአፍንጫና የቶንሲል ኦፕራሲዮን ያለባችሁ አንብቡት

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰው ሁሌ የሚያመሰግነው ሰርጀኑን ነው፣ እኛም አመስግነናል ኬክም ተወስዶለታል፣ ዛሬ ግን ማመስገን የፈለኩት ወንድሜን ያስተኛችውን በተለይ ደሞ የቀሰቀሰችውን ልጅ ነው።

የአፍንጫው አጥንት ተጣሞ ስለሚያፍነው ይስተካከል ተብሎ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የግል ሆስፒታል ቀጠሮ ተያዘለት። እኛ ቤት ግን የተፈራው ቢላው አልነበረም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ (ስሙን ተዉት) ትርፍ አንጀት ወጥቶለት ሲነቃ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የነቃው፣ እየጮኸ፣ ግሉኮሱን ነቅሎ፣ ሊይዘው የመጣውን ሁሉ እየገፋ፣ እኛንም አላወቀንም፣ አልጋው ላይ አሰሩት፣ ምን ሆኖ ነው ስንል "አንዳንዱ እንዲህ ያደርገዋል" ብለው አለፉን። ትንሽ ቆይቶ "ራበኝ" አለ፣ አንዱንም አያስታውሰው። ማዘር እስካሁን ጋኔን ነው ትላለች፣ የአሁኑም ሳይደረግ መጀመሪያ ጸበል ይግባ በሚል ስንት ጭቅጭቅ ነበር።

ይቺ ልጅ ታዲያ ቀድማ ራሷ መጥታ ቁጭ ብላ "ከዚህ በፊት ሰመመን ወስዶ ያውቃል? ሲነቃስ እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀች። ማዘር "ዶክተርዬ" እያለች ሁሉንም ዘረገፈችላት፣ እሷም "አንስቴቲስት ነኝ እናቴ" ትላለች፣ ማዘር መች ሰምታ። ጋኔኑም ሲነሳ አልሳቀችም። ወጣት ወንድ ሲሆን፣ ኦፕራሲዮኑ የአፍንጫ ወይ የጉሮሮ ሲሆን፣ ሲያጨስ፣ በፊትም ተወራጭቶ የሚያውቅ ከሆነ የመወራጨት እድሉ ይጨምራል፣ እብደትም አይደለም፣ አንጎሉ ግማሹ ሳይነቃ ሰውነቱ ስለሚቀድም ነው አለች። ታጨሳለህ ስትለው ማዘርን አየት አድርጎ "ድሮ" አለ። ከዛ "ስትነቃ አፍንጫህ በጎዝ ተጠቅጥቆ ነው የምታገኘው፣ የታፈንክ ይመስልሃል ግን አልታፈንክም፣ በአፍህ ተንፍስ" ብላ አፍንጫውን በጣቱ አስይዛ አለማመደችው።

እኔ ደሞ ጠያቂ ነኝ፣ ሲተኛ ለመተንፈሻ ጉሮሮው ውስጥ የሚገባውን ቱቦ መቼ ነው የምታወጡት አልኳት። በኔ አማርኛ ልንገራችሁ፣ ሰመመን 4 ደረጃ አለው፣ 2ኛው የመወራጨት ነው፣ ሰው ሲተኛም ሲነቃም በዛ በኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ቱቦ የማይነካው እዛ ላይ ነው። በግማሽ እንቅልፍ ከተሳበ የድምፅ አውታሩ ግጥም ብሎ ይዘጋና አየር አላስገባ ሊል ይችላል። ጭልጥ ብሎ ተኝቶ እያለም የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ አፍንጫ ሲሆን ግን ደሙ ወደ ጉሮሮ ስለሚወርድ ሳምባ እንዳይገባበት ነቅቶ ራሱን መጠበቅ ሲችል ማውጣት ትመርጣለች። ስለዚህ ጉሮሮው በሳክሽን (በመምጠጫ) ይጸዳል፣ ለጡንቻ ማላሊያው መድሃኒት ማርከሻ ይሰጣል፣ 100% ኦክስጅን፣ ከዛ መጠበቅ። ሲጠራ ዓይኑን ከገለጠ፣ እጄን ጨብጥ ሲባል ከጨበጠ፣ ትንፋሹ ሙሉና እኩል ከሆነ ያኔ ይወጣል። ማሳልና መንፈራገጥ ብቻውን ነቅቷል ማለት አይደለም፣ የሚቸኮለውም እዚህ ጋ ነው አለችኝ።

እንዳለችውም አደረገች፣ ቀጣዩ ታካሚ ተራ እየጠበቀ እንኳ አልቸኮለችም አሉን። ሪከቨሪ (ታካሚ የሚነቃበት ክፍል) ከገባ በኋላ ትንሽ መወራጨቱ አልቀረም፣ እጁን ወደ ጎዙ ሰደደ፣ እሷ ግን እሰሩት አላለችም፣ መጀመሪያ ጣቱ ላይ ያለውን የኦክስጅን መለኪያ ነው ያየችው ምክንያቱም ኦክስጅን ያነሰውም ሰው እንደዛ ይወራጫል፣ ኦክስጅን ያነሰውን ሰው በማስተኛ መርፌ ዝም ማሰኘት ደሞ አደጋ ነው። ከዛ ህመሙን፣ ከዛ ሽንት ይዞት እንደሆነ። ማዘርን አስገብታ ስሙን እንድትጠራው አደረገች፣ ራሷም "በአፍህ፣ በአፍህ" ትለዋለች፣ ቀስ በቀስ ረጋ። ማዘር እጇን ልትስም ስትል አስቸገረቻት።

እዚህ አገር አብዛኛውን ጊዜ ሰመመን የሚሰጡት እንደሷ በዲግሪና በማስተርስ የተመረቁ አንስቴቲስቶች ናቸው፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ላነጋግራቸው ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በፊት የተወራጨ ካለ፣ የሚያጨስ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የሚወሰድ መድሃኒት፣ ሁሉንም ንገሩ። ፆሙንም አትዋሹ፣ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ቅባት ያለው ከሆነ 8፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ነው የሚቆመው፣ አንድ ጉርሻ ምን ታመጣለች የሚል ዘመድ አይጠፋም አትስሙት።

ስሜን አትለጥፊ ስላለችኝ እዚህ አልጻፍኩትም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ማታ ማታ ነው የምመልሰው ታገሱኝ።