ክራክ ኦፊስ ካቃጠለኝ በኋላ፦ ሊብሬኦፊስን አንድ ዓመት ተኩል ስሠራበት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ጠባብ ጽሕፈት ቤቶች አንዷ የእኔ ናት። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የኪራይ ውል እንጽፋለን። ሰው በእጁ ጫር ጫር አድርጎ ያመጣውን አጽድተን እንተይባለን፣ እናትማለን። አራት ኮምፒውተር አለኝ፣ ሁለት ልጆች ያግዙኛል። ስለ ሶፍትዌር የምጽፈው እንግዲህ ከዚህች ወንበር ላይ ሆኜ ነው። የኮምፒውተር ምሁር አይደለሁም።

እስከ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አራቱም ላይ የነበረው የማይክሮሶፍት ኦፊስ (ዎርድና ኤክሴል ያሉበት) ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚሠራ ነበር። የጫነልኝ ባለሙያ «አንቲቫይረሱን አጥፊው፣ አለዚያ አክቲቬተሩን ይበላብሻል» አለኝ፤ አክቲቬተር ማለት ያልተገዛውን ኦፊስ እንደተገዛ የሚያስመስለው ፕሮግራም ነው። አጠፋሁት። አንቲቫይረሱ ለካ ልክ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ሁሉ መልኩ ተቀይሯል። ከየስሙ ጀርባ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ አንድ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ሲከፈት እንዲህ ይላል፦ 980 ዶላር ክፈዪ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርሽን ግን 490 ይበቃናል። የገና ቅናሽ ይመስል! መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቼ አለቀስኩ። የሦስት ዓመት የውል ናሙናዎቼ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ስሙን የነገረኝ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ነው። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባል ፋይል ቆላፊ ነው አለኝ። ከክራክና ከአክቲቬተር ጋር ተጣብቆ በመምጣት የታወቀ ነው። ማለትም ሌባውን በሬን ከፍቼ፣ ውሻዬን አስሬ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ታዲያ ምን ልጠቀም? ሕጋዊውን መግዛት አንድ መንገድ ነው። ለንግድ ሥራ የሚሆነው ኦፊስ 2024 ሆም ኤንድ ቢዝነስ፣ ማይክሮሶፍት ሲያወጣው ዋጋው ለአንድ ኮምፒውተር 249.99 ዶላር ነበር። ለአራት ወደ ሺህ ዶላር ይጠጋል። የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 2016 ላይ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ያንን በብር ማስላቱን ተውኩት። የወንድሜ ልጅ ሊብሬኦፊስን በፍላሽ ይዞልኝ የመጣው ከዚያም በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው።

ሊብሬኦፊስ የዎርድንና የኤክሴልን ሥራ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ኮዱም (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ለሁሉም ክፍት ነው። የመጣው ከኦፕን ኦፊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል የኦፕን ኦፊስን ባለቤት ሰን ማይክሮሲስተምስን ከገዛ በኋላ፣ ብዙዎቹ ሠሪዎች ኮዱን ይዘው ወጡና በራሳቸው ፋውንዴሽን ሥር ቀጠሉበት። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ዛሬም «ኦፕን ኦፊስ ጫንኩ» የሚል ደንበኛ ይመጣል። እሱም አለ፣ ግን ሥራው በጣም የቀዘቀዘ ነው። የምትጭኑ ከሆነ ሊብሬውን ጫኑ።

ሦስቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውሱንም አንስተን በምትኩ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ጫንንባቸው። አራተኛው ሲገዛ ከነሕጋዊ ዊንዶውሱ የመጣ ስለሆነ ቀረ፤ እሱም ላይ ሊብሬኦፊስ ገባ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጭቅጭቅ ነበር። ልጆቹ «ከላይ ያሉት ነገሮች የት ሄዱ?» ይላሉ። መልኩ እንደ ድሮው ኦፊስ በሜኑ ነው የሚመጣው፤ እንደ አዲሱ ዎርድ በታብ እንዲሆን ከ«ቪው» ሥር መቀየር ይቻላል። ቀየርነው፣ ጸጥ አሉ። ገጽታውን ጭራሽ ወደ አማርኛ ማዞርም ይቻላል። ደስ ብሎኝ አዞርኩት። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። «ሴቭ» የት እንዳለ በአማርኛ መፈለግ ሰለቻቸው።

ሌላ ገና ሲጫን መስተካከል ያለበት ነገር፦ ሊብሬኦፊስ ሰነድ የሚያስቀምጠው በራሱ ኦዲኤፍ በሚባል ፎርማት ነው። ለደንበኛ እንዲያ አድርጋችሁ ብትሰጡት «አልከፍትም አለኝ» ብሎ ይመለሳል። ኦፕሽን ውስጥ «ሁልጊዜ በዎርድ ፎርማት አስቀምጥ» የሚለውን አንዴ መርጦ መገላገል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመም። ያስቸገረኝ ፕሮግራሙ አይደለም፤ ፎንቱ ነው። እዚህ ሰፈር ግማሹ ሰነድ የተጻፈው በኒያላ ነው። ኒያላ ለዊንዶውስ የተሠራ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው፤ ሚንት ላይ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ የግዕዝ ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ መስመሩ ይገፋል፣ ገጹ ያድጋል። አንድ ለእኔ እንደ አባት የሆኑ ጠበቃ አሉ። ሰባት ገጽ ይግባኛቸውን በፍላሽ አምጥተው አተምንላቸው፤ ስምንት ሆኖ ወጣ። ስምንተኛው ገጽ ላይ ያለው ፊርማቸው ብቻ።

«ልጄ፣ ፊርማዬን ብቻዋን ወዴት ላክሻት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ፣ እመልሳታለሁ» አልኳቸው። መለስኳት፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ሰነድ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባለውን ፎንት እንጠቀማለን። ሁለቱም በነፃ የሚሰራጩ ናቸው፤ ዊንዶውስ ላይም ይጫናሉ። ለደንበኛ ደግሞ ፒዲኤፍ ጨምረን እንሰጣለን። ፒዲኤፍ አይገፋም፣ ፊርማም አያሰድድም።

ከኒያላ የባሰው የድሮው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እዚህ አገር የሚጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው አሠራር ባላቸው ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው። ይህ የሊብሬኦፊስ ጥፋት አይደለም፤ ዎርድም ፎንቱ ከሌለው ያው ነው። ግን ደንበኛው የሚቆጣው እኔን ነው። አራተኛው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ሆኖ መቅረቱ በተለይ ለዚህ ጠቀመኝ።

መተየቡስ? ዊንዶውሱ ላይ ኪማን የሚባለውን የአማርኛ መተየቢያ ጫንን። እሱም ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሚንቱ ላይ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ተጠቀምን። ፓወር ግዕዝ በሚባለው በድሮው መተየቢያ ጣቷ የሰለጠነች ረዳቴ ሁለት ሳምንት አማረረች። አሁን ከእኔ ትፈጥናለች።

ስለ ደህንነት ላውራ፤ ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና። «ኮዱ ክፍት ከሆነ ሌባውም አያየውም?» ይሉኛል። ያየዋል። ጥሩውም ሰው ያየዋል። ግን ክፍት ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። መጋቢት 2016 ላይ፣ እኔ ከመቃጠሌ ከጥቂት ሳምንት በፊት መሆኑ ነው፣ ኤክስዜድ በሚባል ብዙ ሊኑክስ ውስጥ በሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር በር ተገኘ። የቀበረው ሰው እንደ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ገብቶ፣ ዓመታት ሠርቶ፣ አመኔታ ካገኘ በኋላ ነው። ያገኘው አንድሬስ ፍሩንድ የሚባል መሐንዲስ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ከሩቅ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ቆፈረ። ደግሞ ሥራው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ማይክሮሶፍት!

ሊብሬኦፊስም ራሱ ቀዳዳ ተገኝቶበት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሊብሬሎጎ በሚባለው ክፍሉ በኩል፣ ሰነድ ሲከፈት ሳያስጠነቅቅ ትእዛዝ ማስፈጸም እንደሚቻል ታወቀና ተደፈነ። ኮዱ ዝግ በሆነውም ወገን ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ግንቦት 2009 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባል ፋይል ቆላፊ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተመታው ማስተካከያውን ያልጫነ ነው።

ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ክራክ ስጠቀም አፕዴት ጠላቴ ነበር፤ ከመጣ ክራኩን ያፈርሰዋል ብዬ እዘጋዋለሁ። አሁን የምፈራው የለኝም። ሚንቱ ላይ ጠዋት አንድ ቁልፍ ስጫን ሲስተሙም ሊብሬኦፊሱም አብረው ይታደሳሉ። የገዛ ሰውም ይህን ያገኛል። ገንዘቡ ያለው ይግዛ፤ አልከራከርም። ዊንዶውሱ ላይ ያለው ሊብሬኦፊስ ግን አዲስ መውጣቱን ይነግረኛል እንጂ ጫን አድርጎ አይጨርስልኝም። ማውረዱና መጫኑ የእኔ ሥራ ነው። ይህን አልወደድኩለትም።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ከፍላሽ ጋር መጣ። የፍርድ ቤት ሰፈር ፍላሽ ታውቃላችሁ፣ ሾርትከት ቫይረስ ያልላሰው የለም። ደንበኛው «ፋይሌ ሁሉ ሾርትከት ሆነ፣ ነገ ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ሚንቱ ላይ ስሰካው ቫይረሱ የደበቀው ፎልደር ቁጭ ብሎ ይታያል፤ የዊንዶውሱን የመደበቂያ ምልክት አይቆጥርለትም። ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ አይነሳም። ገልብጬ እሰጠዋለሁ። ለዚህ አላስከፍልም፣ ግን ሕትመቱን እኔ ጋ ያደርጋል።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ሲያቆም ጎረቤቶቼ ግራ ገብቷቸው ነበር። የእኔ ሦስቱ አሮጌዎች ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም፤ ለሚንት ግን ገና ጎረምሳ ናቸው።

ከአምስት ኮከብ ለሊብሬኦፊስ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ ለተደራረበባቸው የዎርድ ፎርሞች ነው። የመሥሪያ ቤት ፎርም ሲመጣ እስካሁን ወደ ዊንዶውሱ እሮጣለሁ፤ እዚያም አንዳንዴ ይዛባል። ኤክሴል ላይ በማክሮ (ፋይሉ ውስጥ በተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) የሚሠራ ሒሳብ ያለው ሰው ደግሞ ከመቀየሩ በፊት ፋይሉን ከፍቶ ይፈትን። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነቃነቅም።

የምትሞክሩ ካላችሁ ከሊብሬኦፊስ ዶት ኦርግ ብቻ አውርዱ፤ ከማንም ፍላሽ አትቀበሉ (እኔ ከወንድሜ ልጅ ተቀብያለሁ፣ እሱ ግን ዘመድ ነው)። ከዚያ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ንቀሉት። ተሰክቶ ከዋለ አብሮ ይቆለፋል።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ትልቁ ፕሪንተሬ ከሚንት ጋር አይስማማም። አንድ ገጽ አትሞ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሦስት ድራይቨር ሞክሬያለሁ። አሁን ሁሉንም በዊንዶውሱ በኩል ነው የማትመው። መላ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ቡና በእኔ።