የ1000 ሊትር ታንከርና የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ ለምትገዙ ሰዎች

እኛ ሰፈር (ኮተቤ) ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሰው ሲተኛ መጥቶ ሳይነጋ ይሄዳል። ስለዚህ ታንከር ልግዛ አልግዛ ሚባል ነገር የለም፣ ጥያቄው ምን አይነት ይገዛ፣ እንዴትስ ይሰቀል ነው። እኛ ቤት ያለው ጥቁር የ1000 ሊትር ፕላስቲክና ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው። ታንከሩን ከ10 9 ሰጥቼዋለሁ፣ ፓምፑን ግን 6 ይበቃዋል።

ታንከሩ ላይ ብዙ ሚወራ የለም። ጥቁር የሆነው ለማማር አይደለም፣ ብርሃን ካልገባ ውስጡ አረንጓዴ ነገር አያበቅልም። ልትገዙ ስትሄዱ ክዳኑን ክፈቱና የስልክ መብራት ከውጪ አስጠግታችሁ ውስጡን እዩ፣ ብርሃኑ ካለፈ ተዉት፣ ሳስቷል። አሽትቱትም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሚሸት ከሆነ ሻጩ "ሲታጠብ ይለቃል" ይላችኋል፣ ሻጭ ሌላ ምን ሊል ነው።

ዋናው ጉዳይ ማስቀመጫው ነው። 1000 ሊትር ውሃ ማለት ታንከሩን ሳይጨምር 1 ቶን ነው፣ በቃ 10 ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ ሰቀላችሁ ማለት ነው። ሰው ግን ለታንከሩ ሳይሳሳ ከፍሎ ብረቱ ላይ ሲደርስ ይቆጥባል። ከኛ በላይ ያሉ ጎረቤቶች ቀጫጭን ጣውላ አራርቀው ረብርበው ላዩ ላይ አስቀመጡት፣ ሲሞላ ቂጡ በጣውላው መሀል እየረገበ እየረገበ መጨረሻ ላይ መውጫው ጋ ተሰነጠቀ፣ ከዛ ተሰዳቢው ታንከሩ ሆነ! የታንከር ቂጥ ሙሉ ለሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ኮንክሪት ወይ ወፍራም ላሜራ። ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ላይ ከሆነ ደግሞ ኮለን (ምሰሶ) ወይ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ያለበት ጋ አስጠጉት እንጂ መሀል ሜዳ ላይ አታድርጉት።

ግፊትንም አስቡበት። ውሃ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ሚሰጠው 10 ሜትር ከፍ ሲል ነው፣ ስለዚህ ታንከሩ ከሻወሩ 2 ሜትር ከፍ ቢል 0.2 ባር ብቻ ነው ምታገኙት። እቃ ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይሞላል፣ ግን ወዲያው ሚያሞቁት የኤሌክትሪክ ሻወሮች ብዙዎቹ ግፊት ካነሳቸው አይበሩም፣ ሰው ሻወሩ ተቃጠለ ብሎ ባለሙያ ጠርቶ ያስፈታል። ሻወሩ ደህና ነው፣ ታንከሩ ዝቅ ብሎ ነው።

ወደ ፓምፑ ስንመጣ ካርቶኑ ላይ 9 ሜትር ይስባል ይላል። እሱ ባህር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው ባካችሁ። ሲሳብ ውሃውን ከታች ወደ ላይ ሚገፋው እኮ የአየር ግፊት ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ያለን የባህር ዳርቻው ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጉድጓዳችሁ ከ6 ሜትር ካለፈ በዚህ ፓምፕ ተስፋ አታድርጉ፣ ውሃው ውስጥ ሚጠልቀውን አይነት ግዙ። ከመሬት ታንከር ወደ ጂ ፕላስ ዋን ጣሪያ ለመግፋት ግን ምንም አይለውም። ውሃ ሳይኖር ከዞረ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ስለሚቃጠል ውሃ ሲያልቅ ራሱ ሚያጠፋውን አውቶማቲክ አብራችሁ ግዙ፣ ዋጋው ቢያበሳጭም። ከመንገዱ መስመር በቀጥታ መሳብ ግን ነውር ነው፣ ጎረቤት ውሃ ከማጣቱ ሌላ ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ ከሆነ እዛ ያለውን ፍሳሽ ስባችሁ ለልጆቻችሁ ታጠጣላችሁ። መጀመሪያ መሬት ያለው ታንከር ራሱ ይሙላ፣ ከዛ ፓምፑ ይግፋ።

እጥበትን በተመለከተ ከስር ማፍሰሻ ያስወጡለት፣ ያለሱ ደለሉን በባልዲ ስትቀዱ ትውላላችሁ። እኛ ከክረምት በኋላ ሁሌ እናጥበዋለን፣ በብሩሽ ፈትጎ ትንሽ በረኪና አድርጎ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ ነው። መብራት ሲጠፋም ጣሪያ ላይ ያለው በራሱ ስለሚወርድ ውሃ አናጣም፣ ታንከሩን መሬት ላይ ብቻ አድርገው በፓምፕ ሚጠቀሙት ግን ያኔ ጀሪካን ይዘው እኛ ጋ ይመጣሉ።

ፓምፑ 6 ያገኘው በጩኸቱ ነው። ሌሊት ሲነሳ ግድግዳው ሁሉ ያስተጋባል፣ ከስሩ ወፍራም የጎማ ቁራጭ ስናደርግበት ቀንሷል፣ ግን መኝታ ቤት አጠገብ እንዳታስተክሉት።