የፌዴራል የግብር ቁጥር፦ ራስዎ ይሙሉት ወይስ ከፍለው ያስሞሉት?

አሜሪካ ውስጥ ለጽዳት ድርጅት ወይም ለትንሽ ምግብ ቤት የባንክ ሒሳብ ሊከፍቱ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የፌዴራል የግብር ቁጥር፣ ማለትም ዘጠኝ አሃዝ ያለው የአሠሪ መለያ ቁጥር (ኢ.አይ.ኤን.) ነው።

ወጪ
ራስዎ ሲሞሉ፦ ምንም። የአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ.) ቁጥሩን የሚሰጠው በነጻ ነው።
ሲያስሞሉ፦ የአገልግሎት ክፍያ አለ። በጣም የሚያሳዝነኝ የመንግሥት ገጽ መስለው ገንዘብ የሚጠይቁት ድረ ገጾች ናቸው። አድራሻው በ"ነጥብ ጂ.ኦ.ቪ." (.gov) ማለቁን ሳያዩ አንድም መስመር አይሙሉ።

ፍጥነት
በኢንተርኔት ራስዎ ከሞሉ ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል። ሆኖም ገጹ ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ከቆየ ይዘጋል፤ ግማሹን አስቀምጦ ነገ መጨረስም አይቻልም። ስለዚህ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎንና በስቴቱ የተመዘገበውን የድርጅት ስም ፊደል በፊደል ጽፈው ይቀመጡ። የማረጋገጫ ደብዳቤውን እዚያው አውርደው ያትሙት፤ ባንኩ ይፈልገዋል።

ስጋት
ሲያስሞሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ደግሞም በቅጹ ላይ የድርጅቱ "ኃላፊ" በሚለው ቦታ የእርስዎ እንጂ የሚሞላልዎት ሰው ስም እንዳይገባ አጥብቀው ይመልከቱ።

ለማን የትኛው?
እንግሊዝኛውን የሚያነብ፣ ብቻውን ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር ሥራ የጀመረ ሰው ራሱ ቢሞላ ይሻለዋል። የሶሻል ሴኩሪቲም ሆነ የግለሰብ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (አይ.ቲ.አይ.ኤን.) የሌለው ግን በኢንተርኔት መሙላት ስለማይችል ኤስ.ኤስ-4 የተባለውን ቅጽ በፋክስ ወይም በፖስታ ይልካል። ለእሱ፣ እንዲሁም ብዙ ሸሪኮች ላሉት፣ የታወቀ የሒሳብ ባለሙያ ክፍያው አይቆጭም።