የሞት ምክንያት በ3 ፓውንድ፦ የእንግሊዝ መዝገብ ቤት የኢንተርኔት አገልግሎት

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ወይም ዌልስ ውስጥ ያረፈ ሰው ምን እንደገደለው ለማወቅ የመጀመሪያው በር ጄነራል ሬጅስተር ኦፊስ የተባለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። የመንግሥት የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ንግሥቲቱ ዙፋን ከያዙ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። በድረ ገጹ ማውጫ መፈለግ ነፃ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል።

በ2024 በወጣው ታሪፍ የምስክር ወረቀቱ 12.50፣ ፒዲኤፉ 8፣ ዲጂታል ምስሉ 3 ፓውንድ ነው። ምስሉ እንደተከፈለበት ወዲያው ይታያል፤ የሞት መዝገብ ግን ከ1837 እስከ 1887 ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ፒዲኤፍ አዝዞ ጥቂት ቀን መጠበቅ ነው። ምስሉም ፒዲኤፉም ሕጋዊ ማስረጃ አይሆኑም። ለታሪክ ፍለጋ ግን የሞት ምክንያቱ በምስሉ ላይም አለና ለወረቀቱ አራት እጥፍ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

የልዑል ዓለማየሁን ነገር እንውሰድ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ሕይወቱ ያለፈው ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ ውስጥ፣ በ18 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ በ3 ፓውንዱ ዘመን ውስጥ ይገባል። ችግሩ የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ባዶ አይታለፍም፤ የእኛ ሰው ደግሞ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የመዝገቡ ጸሐፊ የትኛውን ስም የት እንደጻፈ መገመት ግድ ነው። የእንግሊዝ ሰነዶች «አላማዩ» እያሉም ይጽፉታልና በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችን የሚያመጣውን ምርጫ መጠቀም፣ ጾታ መሙላት፣ 1879ን ማስገባት፣ ዲስትሪክቱን (የምዝገባ ወረዳውን) ባዶ መተው ይሻላል። ፍለጋው ከተሰጠው ዓመት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ከሁለት ዓመት አያልፍም። በማውጫው ላይ ያለው ሩብ ዓመት የሚቆጠረው ሰው በሞተበት ሳይሆን በተመዘገበበት ቀን ነው፤ የአስከሬን ምርመራ ችሎት የተቀመጠበት ሞት ወደሚቀጥለው ሩብ ሊሻገር ይችላል።

የማውጫው ትልቁ ጥቅም ከ1837 ጀምሮ ዕድሜ ማሳየቱ ነው፤ የድሮው ማውጫ ዕድሜ ማሳየት የጀመረው በ1866 ነበር። ሕፃናት ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩን የገለበጠው ሰው «ወር» የሚለውን ዘሎ የ6 ወር ሕፃን የ6 ዓመት ልጅ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በ0 ዕድሜ ካልተገኘ በወሩ ቁጥር ልክ ዓመት አድርጎ መሞከር ነው።

ምስሉ ሲከፈት ዓይን ከምክንያቱ ቀጥሎ ወዳለው ቃል ይሂድ። «ታይሲስ 14 ወር፣ ሰርቲፋይድ» ቢል ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሰውየው ከመሞቱ በፊት ከዓመት በላይ ታሟል፤ ሐኪምም አረጋግጦታል። የሐኪም ማረጋገጫ በሕግ የተጠየቀው ከ1875 መግቢያ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰብ ወይም ጎረቤት የተናገረው ሊጻፍ ይችል ስለነበር «ጥርስ ማብቀል» የሕፃን ገዳይ ሆኖ ይገኛል። «ድሮፕሲ» በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው፦ ሰውነት ውሃ ቋጥሮ ማበጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከልብ ወይም ከኩላሊት የሚመጣ። «የእብዶች አጠቃላይ ሽባነት» የሚለው ደግሞ አንጎል የደረሰ ቂጥኝ ነው። አስመዝጋቢው «ኮሮነር» (የአሟሟት መርማሪ ሹም) ከሆነ ችሎት ተቀምጧል ማለት ነውና የዚያን ሳምንት የከተማውን ጋዜጣ መፈለግ ያዋጣል፤ ጋዜጣው ከመዝገቡ የበለጠ ይናገራል።

መዝገብ ቤቱ የያዘው በየሩብ ዓመቱ ከየአካባቢው ተገልብጦ የተላከለትን ነው። ቃሉ አልነበብ ካለ ዋናው ያለው በአካባቢው ሬጅስተር ኦፊስ ነው፤ እዚያ ሲጠየቅ ግን የማውጫው ቅጽና ገጽ ቁጥር አይሠራም፤ ስም፣ ቀንና ቦታ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።